አንጎል በዕጣ ይማራል? ስለ ስቶካስቲክ ኒውራል ኔትወርኮች የመማር ሕጎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሽን ለርኒንግ የተማሩ ሰዎች ወደ አንጎል ሳይንስ ጎራ ሲሉ መጀመሪያ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነሱን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስቶካስቲክ» ኒውሮን ከተለመደው በምን ይለያል?

በተለመደው ኔትወርክ ውስጥ ያለ ኒውሮን እንደ ካልኩሌተር ነው፤ ያንኑ ግብዓት ዛሬም ነገም ብትሰጡት ያንኑ ቁጥር ይመልሳል። ስቶካስቲክ ኒውሮን ግን የሚያሰላው ዕድልን ነው። ግብዓቶቹን በየክብደታቸው (በየግንኙነታቸው ጥንካሬ) አባዝቶ ይደምራል፤ ድምሩን በ0 እና በ1 መካከል ወዳለ ዕድል ይቀይራል፤ ከዚያ ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ ምት (አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት) ይሰጣል፣ ጎፈር ከወጣ ዝም ይላል። ሳንቲሙ ግን የተጭበረበረ ሳንቲም ነው፤ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ዘውድ ያደላል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ጎፈር። ግማሽ በግማሽ የሚሆነው ድምሩ 0 ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ያንኑ ሥዕል አንድ መቶ ጊዜ ብታሳዩት መቶ ዓይነት የምት ንድፍ ሊያወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ደግሞ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ጉድለት አለመሆኑን ለማሳየት ነው ብል አልዋሸሁም።

እውነተኛው አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ዕጣ አለ ወይስ የሒሳብ ሰዎች ፈጠራ ነው?

አለ፤ በተለይ ሲናፕስ ላይ፣ ማለትም አንዱ ኒውሮን ለሌላው መልእክት በሚያቀብልበት መገናኛ ላይ። ይህን ያሳየው ሥራ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው በርናርድ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር የእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ያጠና ነበር። ካልሲየሙን ቀነስ፣ ማግኒዚየሙን ጨመር ሲያደርጉ ነርቩ መልእክተኛ ኬሚካሉን የሚለቀው በትንሹ ሆነ፤ ያኔ የሚለቀቀው በእሽግ በእሽግ እንደሆነ ታየ። አንዳንዱ ምት አንድ እሽግ ያስለቅቃል፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ጭራሽ ምንም። ከሆዜ ዴል ካስቲዮ ጋር በ1954 ያወጡት ጽሑፍ ይህ ቁጥር የዕድል ሕግን ተከትሎ እንደሚለዋወጥ አሳየ። ካትዝ በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

በአንጎል ውስጥ ያሉ ብዙ ሲናፕሶችም እንዲሁ ናቸው። ምቱ ጫፍ ድረስ ይደርስና ኬሚካሉ ሳይለቀቅ ይቀራል። የላኩት መልእክት አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ ይቀራል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ለኖረ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ማስተካከያ ግን ያስፈልጋል። ዛካሪ ሜይነንና ቴረንስ ሴይኖውስኪ በ1995 ከአይጥ አንጎል በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ኒውሮን ወደ ውስጡ የሚገባው ኤሌክትሪክ እውነተኛውን የሚመስል ወጣ ገባ ሲሆን ምቱን በየሙከራው ከ1 ሚሊ ሰከንድ በማይበልጥ ልዩነት ይደግመዋል። እንግዲህ ዕጣው በአብዛኛው ያለው ምት በሚፈጠርበት ቦታ ሳይሆን መልእክቱ በሚሻገርበት ላይ ነው ማለት ነው። ሞዴል ስንሠራ ሳንቲሙን ኒውሮኑ እጅ ላይ የምናስቀምጠው በአብዛኛው ለሒሳብ ስለሚቀል ነው።

ባክፕሮፓጌሽን እያለ ሌላ የመማር ሕግ ለምን አስፈለገ?

ባክፕሮፓጌሽን የኔትወርኩን ስህተት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለሰ እያንዳንዱን ክብደት የሚያርም ስልት ነው። ለኮምፒውተር ሌላ አላስፈለገም ይሆናል። ጥያቄው አንጎል እንዴት ይማራል ከሆነ ግን ባክፕሮፓጌሽን ጣጣ አለው። ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ በ1986 ካስተዋወቁት ብዙም ሳይቆይ፣ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ክሪክ በ1989 ጠንከር ያለ ትችት ጻፈ፤ አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም የሚል ነበር መንፈሱ። ስቲፈን ግሮስበርግ ደግሞ በ1987 ዋናውን ችግር ስም ሰጥቶት ነበር፦ የክብደት ማጓጓዝ ችግር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስህተቱ ከመጨረሻው ንብርብር ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ወደ ፊት የመጣበትን ክብደት እያባዛ መመለስ አለበት። ሲናፕስ ግን የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ሌላ ሽቦ ቢኖር እንኳ የዚያኛውን ክብደት ከማን ሰምቶ ይቀዳዋል? በዚያ ላይ ወደ ፊት የማስላትና ወደ ኋላ የማረም ተራዎች ተለያይተው መጠበቅ አለባቸው፤ ወደ ኋላ የሚጓዘውም ነገር አሉታዊም አዎንታዊም የሚሆን ቁጥር ነው እንጂ ምት አይደለም።

ታዲያ አንድ ሕግ «ለአንጎል ይቻላል» የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

የጸደቀ መስፈርት የለም፤ ሁሉም የየራሱን ይዟል። እኔ ሰዎችን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «ሲናፕሱ ይህን ቁጥር ከየት አገኘው?» ሲናፕስ ሊያውቅ የሚችለው ከሱ በፊት ያለው ኒውሮን ምት መስጠቱን፣ ከሱ በኋላ ያለው ምን እንዳደረገ፣ የራሱን ጥንካሬ፣ ምናልባትም በአንጎል ክፍሉ በሙሉ የሚረጭ እንደ ዶፓሚን ያለ ኬሚካል መጠኑን ነው። ከዚህ ውጪ የሆነ ነገር በቀመሩ ውስጥ ካለ፣ ያመጣውን ሰው ተላላኪው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ለአንጎል ይቻላል» ማለት «አንጎል እንዲህ ያደርጋል» ማለት እንዳልሆነም ልብ ይባል። ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች አያሌ ናቸው።

የሄብ ሕግ አይበቃም?

ካናዳዊው ሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ በ1949 ያቀረበው ሐሳብ አንዱ ሕዋስ ሌላውን በማስነሳት ደጋግሞ ከተሳተፈ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ይጠነክራል የሚል ነው። «አብረው የሚመቱ አብረው ይተሳሰራሉ» የሚለው መፈክር ግን የሱ አይደለም፤ በ1992 ካርላ ሻትዝ የጻፈችው ነው። በ1973 ቲሞቲ ብሊስና ቴርዬ ሌሞ ጥንቸል ላይ የሲናፕስ ጥንካሬ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ሲቆይ አሳዩ። በ1998 ደግሞ ጉዎ-ቺያንግ ቢና ሙ-ሚንግ ፑ ቅደም ተከተሉ ራሱ ወሳኝ መሆኑን አሳዩ፤ ላኪው ከተቀባዩ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ሲናፕሱ ይጠነክራል፣ ከዘገየ ይዳከማል።

ሕጉ ከቦታው የማይወጣ መሆኑ ግሩም ነው። የሚጎድለው «ይህ ያደረግኩት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» የሚለው ነው። በሄብ ሕግ ብቻ የሚማር ኔትወርክ ልማዱን ያጠነክራል፤ ልማዱ ስህተት ከሆነም ስህተቱን ያጠነክራል።

ቦልትዝማን ማሽን ይህን እንዴት ፈታው?

በመቀነስ። ዴቪድ አክሊ፣ ጄፍሪ ሂንተንና ቴረንስ ሴይኖውስኪ በ1985 ያቀረቡት ሕግ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ውበቱ አይሎ ይታየኛል። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜዎች አሉት። በመጀመሪያው ከውጭ የመጣው መረጃ፣ ለምሳሌ የፊደል ሥዕል፣ በሚታዩት ኒውሮኖች ላይ ተጭኖ ይያዛል፤ የተደበቁት ኒውሮኖች ሳንቲማቸውን እየወረወሩ ይንሸራሸራሉ። በሁለተኛው መረጃው ይነሳል፤ ኔትወርኩ በሙሉ የራሱን ቅዠት ይቃዣል።

እያንዳንዱ ሲናፕስ አንድ ነገር ብቻ ይቆጥራል፦ ሁለቱ ጎረቤቶቼ ምን ያህል ጊዜ አብረው ምት ሰጡ? በመጀመሪያው ጊዜ የቆጠረውን ይደምራል፣ በሁለተኛው የቆጠረውን ይቀንሳል። አለቀ። ለምሳሌ መረጃው ሲኖር ከ100 ጊዜ 60ውን አብረው ምት ከሰጡና በቅዠት ጊዜ 45ቱን ብቻ ከሆነ፣ ክብደቱ ከፍ ይላል። 60 እና 60 ሲሆን ቆሟል፤ ቅዠቱ ዓለሙን መስሏል ማለት ነው።

የሚያስገርመው ይህ ቀላል ቆጠራ ትክክለኛው ግራዲየንት፣ ማለትም ክብደቱ ወዴት ቢቀየር ኔትወርኩ በፍጥነት እንደሚሻሻል የሚያሳየው አቅጣጫ፣ መሆኑ ነው። ግምት ወይም አቋራጭ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ኒውሮኖቹ ዕጣ ስለሚጥሉ ነው። የኔትወርኩን ሁኔታዎች እንደ ወጣ ገባ መሬት ብናስባቸው፣ ዕጣ የማይጥል ኔትወርክ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዕጣ የሚጥለው ግን ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ ይጎበኛል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ለጥልቀቱ የሚመጥን ነው። መቁጠር ብቻውን በቂ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ የኦስትሪያው ፊዚክስ ሊቅ የሉድቪግ ቦልትዝማን መሆኑም ከዚሁ ነው፤ የጋዝ ቅንጣቶች የሚከተሉት ስርጭት ነው። ሂንተን ከጆን ሆፕፊልድ ጋር በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በፊዚክስ መሆኑ ብዙዎችን ግራ ያጋባ ነበር፤ ግንኙነቱ እዚህ ጋ ነው።

ችግሮቹ? ሁለት ትልልቅ። ክብደቶቹ ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሀ እኩል መሆን አለባቸው፤ አንጎል ውስጥ ይህ በአጠቃላይ እውነት አይደለም። ሁለተኛው፣ ቅዠቱ ሰክኖ እስኪረጋ ድረስ መጠበቅ ዕድሜ ይፈጃል። በ2002 ሂንተን ቅዠቱን ከመረጃው ላይ አስጀምሮ ከጥቂት እርምጃ በኋላ መቁረጥ በተግባር እንደሚበቃ አሳየ። ያኔ ግን ግራዲየንቱ ትክክለኛው መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው ጊዜ እንቅልፍ ነው ማለት ይቻላል?

ክሪክና ግሬም ሚቺሰን በ1983 ሕልም የምናየው የማይረቡ ትስስሮችን ለመርሳት ነው የሚል መላምት አቅርበው ነበር። ከቦልትዝማን ማሽን «መቀነስ» ጋር መመሳሰሉ የማይካድ ነው። ግን በአንድ ሌሊት ውስጥ አንጎል የሲናፕስ ሕጉን ምልክት (መደመሩን ወደ መቀነስ) ይገለብጣል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለንም፤ ስለዚህ ደስ የሚል ተመሳሳይነት ብሎ ማለፉ ይሻላል።

በ1995 ሂንተን፣ ፒተር ዳያን፣ ብሬንዳን ፍሬይና ራድፎርድ ኒል ያወጡት የንቃትና የእንቅልፍ ስልተ ቀመር ግን ሌላ ነው፤ ምልክት መገልበጥ አያስፈልገውም። ኔትወርኩ ከሥዕል ወደ ትርጉም የሚወጣና ከትርጉም ወደ ሥዕል የሚወርድ ሁለት ዓይነት ሽቦ አለው። ሲነቃ የሚወጣው ሽቦ ይሠራል፣ የሚወርደው ይማራል። ሲተኛ የሚወርደው ሽቦ ሕልም ይፈጥራል፣ የሚወጣው ይማራል። በሕልም ጊዜ ሥዕሉን የፈጠረው ራሱ ስለሆነ ትክክለኛውን ትርጉም ያውቀዋል፤ አስተማሪ አያስፈልገውም። የእኩል ክብደት ጣጣም ቀረ።

ለሙሉ አንጎል አንድ ሽልማት ብቻ እየመጣ እያንዳንዱ ሲናፕስ የራሱን ድርሻ እንዴት ያውቃል?

የዚህ ጽሑፍ እምብርት ይህ ነው። ድግስ አስቡ። ሃያ ሴቶች ከጎረቤት ተጠርተው መጥተው አንድ ትልቅ ድስት ወጥ ይሠራሉ። አንዷ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ አንዷ በርበሬውን ትለካለች፣ አንዷ ቅቤውን፣ አንዷ ጨውን። ከድንኳኑ ወደ ማጀት የሚመጣው ወሬ ግን አንድ ነው፤ ወይ «ዛሬስ ወጡ እጅ ያስቆረጥማል!» ወይ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ጨው ጨማሪዋን ነጥሎ የሚያመሰግን ወይም የሚወቅስ የለም።

ጨው ጨማሪዋ ግን ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች፤ ዛሬ እጇ ከወትሮው ጠንከር ወይም ላላ ማለቱን። ጠንከር ብሎ ከነበረና ወሬው ከተለመደው የተሻለ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ድግስ ትንሽ ትጨምራለች። ወሬው ከከፋ ትቀንሳለች። ሌሎቹም እንዲሁ። አንድ ድግስ ላይ ልትሳሳት ትችላለች፤ ወጡን ያበላሸው ቅቤው ሊሆን ይችላልና። በብዙ ድግስ ግን የቅቤዋ ጥፋት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየገፋ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የጨዉ ውጤት ግን ሁሌም በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ ይጠራቀማል።

ሁሉም በማንኪያ ለክተው በየጊዜው አንድ ዓይነት ቢያደርጉ ኖሮስ? ወሬው ማንንም ምንም አያስተምርም ነበር። የእጅ መላላትና መጥበቅ፣ እኛ «ነውጥ» የምንለው፣ ሙከራው ራሱ ነው።

ሮናልድ ዊሊያምስ በ1992 ለዚህ ሐሳብ ሒሳቡን ሰጠው፤ ስሙ ሪኢንፎርስ ይባላል። የክብደቱ ለውጥ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የመማሪያ ፍጥነት፣ ሽልማቱ ከተጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ፣ ኒውሮኑ ያደረገው ከራሱ ዕድል ምን ያህል እንደራቀ፣ እና ግብዓቱ። በቁጥር እንየው።

ሁለት ግብዓቶች አሉ፣ ሁለቱም 1። ክብደቶቹ 0.5 እና −0.2 ናቸው። ድምር 0.3፤ ምት የመስጠት ዕድሉ 0.57 ገደማ። የሚጠበቀው ሽልማት 0.5፣ የመማሪያ ፍጥነቱ 0.1 ይሁን። ምት መስጠት ትክክል የሆነበት ሁኔታ ነው እንበል።

ሳንቲሙ ዘውድ ወጣ፣ ምት ሰጠ፣ ሽልማት 1 ተገኘ። ለውጡ፦ 0.1 × (1 − 0.5) × (1 − 0.57) × 1 = 0.0215። ክብደቱ ከ0.5 ወደ 0.5215 ወጣ።

ሳንቲሙ ጎፈር ወጣ፣ ዝም አለ፣ ሽልማት 0 ሆነ። ለውጡ፦ 0.1 × (0 − 0.5) × (0 − 0.57) × 1 = 0.0285። ክብደቱ አሁንም ወጣ!

ሁለተኛውን መስመር ደግማችሁ ተመልከቱት። ዝም ብሎ የተቀጣው ኒውሮን «ዝም ማለቴ ነው የጎዳኝ» ብሎ ምት ወደ መስጠት ያዘነብላል። አሉታዊ በአሉታዊ ተባዝቶ አዎንታዊ ሆነ። ሲናፕሱ የተጠቀመው ከጎኑ ያገኘውን ሁለት ነገርና ለሁሉ የተረጨውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ኋላ የተላከ ስህተት የለም፣ የሌላ ሲናፕስ ክብደት የለም። በአማካይ ግን የሚሄደው በግራዲየንቱ አቅጣጫ ነው።

ሰባስቲያን ሱንግ በ2003 ይህንኑ አንድ ደረጃ ወደ ታች አወረደው፦ ሳንቲሙን የሚወረውረው ኒውሮኑ ሳይሆን ሲናፕሱ ይሁን፣ ልክ ካትዝ እንዳየው። ኬሚካሉን ለቅቆ ከተሸለመ ነገ የመልቀቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሳይለቅ ቀርቶ ከተሸለመ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሲናፕስ የራሱን ደስታ የሚያሳድድ ፍጡር ሆነ ማለት ነው።

«የሚጠበቀው ሽልማት» ከየት ይመጣል?

ምናልባት ከዶፓሚን። ቮልፍራም ሹልትዝ፣ ዳያንና ሪድ ሞንታግ በ1997 ባወጡት ጽሑፍ የዝንጀሮ ዶፓሚን ሕዋሳት የሚናገሩት ጭማቂ መምጣቱን ሳይሆን ከተጠበቀው በላይ ወይም በታች መምጣቱን እንደሆነ አሳዩ። ጭማቂው ሳይጠበቅ ሲመጣ ምቱ ይበረክታል፤ ሲጠበቅ መጥቶ ከሆነ ምንም፤ ተጠብቆ ሲቀር ዝም ይላሉ። ከላይ ባለው ስሌት «1 − 0.5» ያልነው ያ ነው።

ሽልማቱ ዘግይቶ ቢመጣስ? ኒውሮኑ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚሠራው።

ጨው ጨማሪዋ እንግዶቹ በልተው እስኪጨርሱ ድረስ እጇ ጠንክሮ እንደነበር ማስታወስ አለባት። ሲናፕስም እንዲሁ ቀስ እያለ የሚጠፋ ማስታወሻ ይዞ መቆየት ይኖርበታል። ለረጅም ጊዜ ይህ በቀመር ውስጥ ብቻ ያለ ምኞት ነበር። በ2014 ግን ሾ ያጊሺታና ባልደረቦቹ በአይጥ አንጎል ላይ፣ ዶፓሚን የሲናፕስ እሾህን (ተቀባዩ ኒውሮን ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ) የሚያሳድገው ሲናፕሱ ከሠራ ከ0.3 እስከ 2 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረሰ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ከዘገየ ማስታወሻው ጠፍቷል። እንግዶቹ ለሰዓት ተቀምጠው የሚበሉ ከሆነ ይህ አይበቃም፤ ለዚያ ነው አንጎል ከሽልማቱ በፊት የሚመጣን ምልክት እንደ ሽልማት መቁጠርን የሚማረው።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል በአንድ እውነተኛ እንስሳ ላይ ታይቷል?

ለኔ ምርጡ ምሳሌ ዘማሪ ወፍ ነው። ዜብራ ፊንች የምትባል ትንሽ የአውስትራሊያ ወፍ አለች። የሚዘምረው ወንዱ ሲሆን ዜማውን ከአባቱ ወይም ከሌላ አዋቂ ሰምቶ ይይዘዋል፤ ከዚያ እንደ ሕፃን እየተኮላተፈ ለሳምንታት ይለማመዳል። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ዜማው ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ሲደጋግም ይኖራል።

በአንጎሉ ፊተኛ ክፍል ላይ ኤልማን የሚባል ቦታ አለ። በ1984 ሳራ ቦትየርና ባልደረቦቿ ይህን ቦታ ሲያጠፉ አዋቂው ወፍ ምንም ሳይሆን መዝፈኑን ቀጠለ፤ ገና የሚማረው ጫጩት ግን መማሩን አቆመ። ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ለመዝፈን የማያስፈልግ፣ ለመማር ግን የግድ የሆነ ቦታ ምን ይሠራል? በ2005 ኤምአይቲ ውስጥ ቤንስ ኦልቬትስኪ፣ አሮን አንዳልማንና ማይክል ፊ ቦታውን ለጊዜው ሲያደነዝዙት የጫጩቱ ኩልትፍትፍ በአንዴ ወጥ ሆነ፤ በየድግግሞሹ የሚለዋወጠው ነገር ጠፋ። አንጎል ነውጥን ሆን ብሎ የሚያመርት ክፍል አለው ማለት ነው። ሳንቲም ወርዋሪ ክፍል!

ሽልማቱስ? ኤቭረን ቱመርና ማይክል ብሬናርድ በ2007 ቤንጋሊዝ ፊንች በሚባል ሌላ ዘማሪ ወፍ ላይ ያደረጉትን ሙከራ ሳነብ ሳቄ መጥቶ ነበር። ኮምፒውተር የወፉን ዜማ ይሰማል። ወፉ አንዷን ቃና ከተወሰነ ከፍታ በታች ከዘፈናት ወዲያው «ሽሽሽ» የሚል ጩኸት ይለቅበታል፤ ከፍ አድርጎ ከዘፈናት ዝም ይለዋል። ወፉ በየድግግሞሹ ካለው ጥቃቅን የቃና ልዩነት ተነስቶ ያቺን ቃና ብቻ ከፍ ማድረግ ተማረ። ልዩነቱ ለሰው ጆሮ እምብዛም የማይለይ ነው፤ ለወፉ ግን ሙከራው እሱ ነበር።

በ2016 ደግሞ ቪክራም ጋዳግካር፣ ጄሲ ጎልድበርግና ባልደረቦቻቸው የወፉን ዶፓሚን ሕዋሳት አዳመጡ። ዜማው በጩኸት ሲበላሽ ምታቸው ይቀንሳል፤ ይበላሻል ተብሎ ሲጠበቅ በደህና ካለፈ ይጨምራል። ጭማቂ የለ፣ እህል የለ፤ ወፉ ራሱን ነው የሚያርመው። ነውጡ፣ ፍርዱ፣ የሚጠበቀው ሦስቱም በአንድ እንስሳ ተገኙ። የጎደለው ማስታወሻው በየትኛው ሲናፕስ ላይ በትክክል እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

እንዲህ ጥሩ ከሆነ ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ለምን በዚህ አይሠለጥኑም?

ስለሚንቀረፈፍ። ሃያ ሴት ባለበት ማጀት ጨው ጨማሪዋ ድርሻዋን ለመለየት ብዙ ድግስ ያስፈልጋታል፤ ሃያ ሚሊዮን ቢሆኑስ? ኒውሮኖቹ በበዙ ቁጥር የአንዱ ድርሻ በሌሎቹ ነውጥ ውስጥ ይሰምጣል። ባክፕሮፓጌሽን ለእያንዳንዷ ሴት በስሟ የተጻፈ ደብዳቤ ይሰጣታል፤ በአንድ ዙር ያልቃል።

ቢሆንም ቻትቦቶችን በሰው ምርጫ ለማስተካከል ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዳንዶቹ የዊሊያምስ ቀመር የልጅ ልጆች ናቸው። ዕጣው የሚጣለው ቃል ሲመረጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን ባክፕሮፓጌሽን ይጨርሰዋል። ሽልማቱን የሚያውቀው በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው፣ ውስጥ ያሉት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

በዘፈቀደ ክብደት ስህተትን መመለስ የሚባለውስ?

ቲሞቲ ሊሊክራፕና ባልደረቦቹ በ2016 አሳይተውታል፤ ስህተቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ትክክለኛውን ክብደት ሳይሆን አንዴ በዘፈቀደ የተመረጠና የማይቀየር ክብደት ቢጠቀም እንኳ ኔትወርኩ ይማራል፤ ወደ ፊት የሚሄደው ክብደት ራሱ እያደር ወደዚያ ይጠጋል። የግሮስበርግን ጥያቄ ያቃልላል። ዘፈቀደው ግን አንዴ ተወስኖ የሚቀር ነው እንጂ በየምቱ የሚጣል ዕጣ አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ብዙ አልቆይበትም።

ሒሳብ ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ዕድል፣ አማካይ፣ ትንሽ ካልኩለስ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ በደንብ የገባው ሰው የዊሊያምስን ቀመር በግማሽ ገጽ ያወጣዋል።

ቤቴ ሆኜ ልሞክረው ብል?

ጂፒዩ አያስፈልግም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃል። በኤክስ-ኦር (ከሁለቱ ግብዓቶች አንዱ ብቻ 1 ሲሆን መልሱ 1 በሚሆንበት ጥያቄ) ጀምሩ፦ ሁለት ግብዓት፣ ከአምስት እስከ አስር የሚደርሱ ስቶካስቲክ ኒውሮኖች፣ አንድ ስቶካስቲክ ውጤት። ትክክል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ሸልሙ። የሚጠበቀውን ሽልማት በተንሸራታች አማካይ ያዙት። አድልዎን፣ ማለትም ሁሌም 1 የሆነ ሦስተኛ ግብዓትን፣ እንዳትረሱ። ትዕግሥትም ያዙ፤ በባክፕሮፓጌሽን በቅጽበት የሚያልቀው እዚህ ብዙ ሺህ ዙር ይወስዳል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር ሁለት ሌሊት ሙሉ ምንም አልተማረም። ክብደቶቹ ሰክሮ እንደሚሄድ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላሉ እንጂ የትም አይደርሱም። የመማሪያ ፍጥነቱን ቀየርኩ፣ ኒውሮን ጨመርኩ፣ ቀመሩን እንደገና አወጣሁት፤ ልክ ነው። በሦስተኛው ቀን የአንዱን ኒውሮን ውጤት ሁለት ቦታ አሳተምኩት፤ አንዱ መልሱ ሲሰላ፣ ሌላው ክብደቱ ሲታረም። አንዱ ጋ 1፣ ሌላው ጋ 0 ይላል። ለካስ ለማረሚያው ያንኑ ፈንክሽን እንደገና ስጠራው ሳንቲሙን እንደ አዲስ ይወረውረዋል። ምት ሰጥቶ የተሸለመው ኒውሮን ዝም እንዳለ ተቆጥሮ ይታረም ነበር። የመጀመሪያውን ውርወራ በአንድ ተለዋዋጭ አስቀምጬ ሁለቱም ቦታ እሱኑ ስጠቀም፣ ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ የሽልማቱ አማካይ ከ0.5 ተነስቶ መውጣት ጀመረ።